በወጣበት ቀን ሰርቨሩ የወደቀ ጌም፦ ነጥቡ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?

ዘጠኝ_ከአሥር

ይሄ ክርክር ትልቅ ጌም በወጣ ቁጥር ይነሳና ሳይቋጭ ይቀራል። አቋሜን ላስቀምጥና እናንተ ቀጥቅጡኝ። ሰው ከፍሎ ገዝቶ መግባት ካልቻለ ያ ጌም በዚያን ቀን 9 አይባልም። ግራፊክሱ ቢያምርም፣ ታሪኩ ቢመስጥም አይባልም። የገምጋሚ ሥራ ለገዢ መንገር ነው፤ ገዢው ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ዛሬ ለተለቀቀው እንጂ ከሁለት ወር በኋላ ለሚስተካከለው አይደለም።

የ2013ቱን ሲምሲቲ ውሰዱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከመውጣቱ በፊት ፖሊጎን የተባለው የጌም ግምገማ ገጽ ከ10 9.5 ሰጠው። ማርች 5 ወጣ። ብቻህን ቁጭ ብለህ ከተማ ለመገንባት እንኳ ከአሳታሚው ከኢኤ ሰርቨር ጋር መገናኘት ግድ ነበር፤ ሰርቨሩ ደግሞ አልቻለም። ሰው ከስንት ጥበቃ በኋላ ገብቶ የሠራው ከተማ ጠፋበት። ሸክም ለመቀነስ ተብሎ ጊዜውን የሚያስሮጠው ትልቁ ፍጥነት ሳይቀር ተዘጋ። አስቡት፣ በከተማ ግንባታ ጌም ውስጥ! ፖሊጎን ነጥቡን መጀመሪያ ወደ 8፣ ቀጥሎ ወደ 4 አወረደው፤ ነገሩ ሲረጋጋ 6.5 አደረገው።

ያኔ ብዙ ሰው ሳቀባቸው፣ "ነጥብ ነው ወይስ የአየር ትንበያ?" እየተባለ። እኔ ግን ከአራቱ ቁጥሮች የማይረባው የመጀመሪያው ብቻ ነበር ባይ ነኝ። 9.5 የተሰጠው ማንም ገዢ ላልደረሰበት ጌም ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ቢያንስ ሰው ቤቱ ሆኖ የገጠመውን ያወራሉ።

ፒንግ_ሦስት_መቶ

ወንድሜ፣ ሪቪው እኮ የአንድ ሌሊት ንዴት ማስታወሻ አይደለም። ተቀምጦ ይኖራል። ዛሬ አንድ ሰው ዲያብሎ 3ን ልግዛ ወይ ብሎ ሲያስስ "ኢረር 37" የሚለው የመግቢያ ስህተት ምን ይፈይድለታል? ሜይ 15፣ 2012 ወጣ፤ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከ3.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ያ ሁሉ ሰው በአንዴ በሩን አንኳኳ፤ በሩ ተጨናነቀ። ቀናት አለፉ፣ ገባን፣ ተጫወትን፣ ለዓመታት ተጫወትን። በዚያ ሌሊት ንዴት 5 የሰጠው ሰው ቢኖር ያ 5 እስካሁን ተለጥፎ ነበር።

ሰርቨር ወደቀ የሚለው ዜና ነው። ዜናውን በዜናነቱ ጻፉት፣ በትልቁ፣ በቀይ። ሪቪው ውስጥ ግን ጌሙን ገምግሙ።

ኮኦፕ_ንግሥት

ዲያብሎ 3ን ራስህ ማንሳትህ ደስ ይላል፤ ምክንያቱም ያንተን ሐሳብ የሚያፈርሰው እሱ ነው። ኢረር 37 ሰውን ያንገበገበው ወረፋው ረዝሞ ብቻ አይደለም። ከማንም ጋር መጫወት የማይፈልግ ሰው፣ ብቻውን አጽም ሊፈልጥ የተቀመጠ ሰው፣ የማያስፈልገውን ሰርቨር እንዲጠብቅ ስለተገደደ ነው። በ2013 ኮንሶል ላይ ሲወጣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ ነበር። እንግዲህ የሚቻል ነገር ነበር። ፒሲው ላይ እንዲህ እንዲሆን የመረጡት እነሱ ናቸው።

ሲምሲቲም ያው ነው። መጀመሪያ ላይ ስሌቱ በከፊል ሰርቨር ላይ ስለሚካሄድ ኦፍላይን ማድረግ ከባድ ነው ተባልን። ቀናት ሳይቆዩ ሞደሮች (የጌሙን ፋይል ራሳቸው የሚቀይሩ ተጫዋቾች) ከተማው ያለ ግንኙነት ሲሠራ አሳዩ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በማርች 2014፣ ኩባንያው ራሱ የኦፍላይን ሞድ ለቀቀ።

ስለዚህ እኔ ጥያቄውን ሁለት ቦታ እከፍለዋለሁ። ጌሙ በባሕርይው ሌላ ሰው የሚፈልግ ከሆነ ወረፋውን እታገሣለሁ። ለብቻ የሚሠራን ነገር አምጥተው ሰርቨር ላይ ካሰሩት ግን ያ የዲዛይን ውሳኔ ነው። መጥፎ ካሜራ፣ መጥፎ ሴቭ ሲስተም ነጥብ ያስቀንሳል አይደል? ይሄ ለምን አያስቀንስም?

ዘጠኝ_ከአሥር

አንቺ ከእኔ በተሻለ አስቀመጥሽው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ በባሕርይው ኦንላይን የሆነውንስ ለምን እንታገሣለን? ሥራው ያ ብቻ ከሆነ ያን ብቻ እንኳ በደንብ ይሥራ እንጂ።

የሰርቨር_ጓዳ

ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጌም ላይ አልሠራም፤ ግን ብዙ ሰው በአንድ ደቂቃ የሚገባባቸውን ሲስተሞች ስጠብቅ ነው የምውለው።

"ለምን ተጨማሪ ሰርቨር አይገዙም?" የሚለውን ሁሌም አነባለሁ። ማሽን መጨመር በዚህ ዘመን ቀላሉ ክፍል ነው፤ ክላውድ ላይ በደቂቃዎች ይጨመራል። የሚያንቀው ሌላ ቦታ ነው። ሎግ ኢን ስታደርጉ አካውንታችሁ ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ ፕሮፋይላችሁ፣ የገዛችሁት ዕቃ፣ የጓደኞቻችሁ ዝርዝር ይጫናል። ይሄ ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው ዳታቤዝ ላይ ነው፤ ዳታቤዝ ደግሞ እንደ ጨዋታ ሰርቨር ዝም ብሎ አይባዛም። አሁን ልብ በሉ፦ መልሱ ሲዘገይ ጌሙ "አልመጣም" ብሎ ራሱ ደግሞ ይጠይቃል። ተጫዋቹም ተናዶ ጌሙን ዘግቶ ይከፍታል። አንድ ሰው የነበረው ሦስት ጥያቄ፣ አምስት ጥያቄ ይሆናል። ሲስተሙ ወድቆ ሲነሣ እነዚህ ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታልና ገና ሳይቆም መልሰው ይጥሉታል። በድጋሚ ሙከራዎች መሃል ጊዜውን እያራዘመ የሚሄድ ጌም ካልሠራህ አንተው ራስህን ታጠቃለህ።

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 እንዲህ ነው የሆነው። ኖቬምበር 19 ወጣ፤ ሰዉ ሎዲንጉ 97 በመቶ ላይ ተገትሮበት ዋለ። በኋላ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዮርግ ኖይማን ወጥቶ ሲያስረዳ፣ በ200,000 ሰው ሠራሽ ተጠቃሚ ሞክረውት እንደነበርና የዳታቤዙ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻው) እውነተኛውን ሕዝብ እንዳልቻለ ተናገረ። 200,000 ትንሽ ቁጥር አይደለም። ግን ሰው ሠራሽ ተጠቃሚ አይናደድም፣ ዘግቶ አይከፍትም፣ ሁሉም ሜኑ ውስጥ ገብቶ አይነካካም።

ማዘን አለብን እያልኩ አይደለም። የቁጥሩን ትርጉም ነው የምለው፦ የመጀመሪያ ቀን መውደቅ የጌሙን ጥራት ብዙም አይነግራችሁም። የግምታቸውን ልክ ነው የሚነግራችሁ።

ኮኦፕ_ንግሥት

ይሄን ሳነብ ለኢንጂነሮቹ አዘንኩ፣ ለኩባንያው ግን አላዘንኩም። ፍላይት ሲሙሌተርን ግን ይቅር እለዋለሁ፤ መላዋን ምድር ኮምፒውተሬ ውስጥ አልከታትም፤ ካርታው እየበረርኩ ከሰርቨር መምጣቱ ምክንያት አለው። ለፔይዴይ 3 ምን እንበል? በሴፕቴምበር 2023 ወጣ፤ ብቻህን ከቦት (ኮምፒውተሩ ከሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) ጋር ባንክ ልትዘርፍ እንኳ ማችሜኪንግ (ተጫዋቾችን የሚያገናኘው ሲስተም) ውስጥ ማለፍ ነበረብህ፤ ማችሜኪንጉ ደግሞ ለቀናት ተኛ። ቦት ጋር ለመጫወት ወረፋ! ለዚህ ነጥብ ያልቀነሰ ገምጋሚ ለምኑ ሊቀንስ ነው?

ሳይጨርስ_የማይተኛ

ስሙን ሳልጠቅስ የራሴን ላውራ። ታሪኩን ብቻ ፈልጌ የገዛሁት ጌም ነበር፤ መልቲፕሌየሩን አንድም ቀን የመንካት ሐሳብ አልነበረኝም። ሎግ ኢን ወረፋ ውስጥ ገባሁ። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ሁለት ዲጂት ሲደርስ ግንኙነቱ ይቋረጥና ከመጨረሻው ያሰልፈኛል። ኋላ ገንዘቤን ልመልስ ስል "ጌሙን ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ተጫውተሃል" ተባልኩ። የተጫወትኩት የወረፋ ቁጥሩን ነው!

ከዚያ በፊት ያነበብኩት ሪቪው ደግሞ 9 ነበር። አንዲት መስመር ስለ ሰርቨር የለችበትም። እና "ዜናው ሌላ ሪቪው ሌላ" የምትል ወንድማችን፣ እኔ ዜና አልነበረኝም፤ ቅድመ ትዕዛዝ ባደረግኩ ሰዓት የነበረው ያ 9 ብቻ ነው።

ፒንግ_ሦስት_መቶ

መጀመሪያ ቅድመ ትዕዛዝ አቁም 😄

ሳይጨርስ_የማይተኛ

እሱን እናቴም ነግራኛለች።

ዘጠኝ_ከአሥር

ስቲም የተባለው የፒሲ ጌም መሸጫ ላይም ሕጉ በአጠቃላይ ከተገዛ በ14 ቀን ውስጥ እና ከ2 ሰዓት በታች የተጫወትክ ከሆነ ነው ገንዘብ የሚመለሰው። ሰዓቱ የሚቆጥረው ጌሙ የተከፈተበትን ነው፤ አንተ ወረፋ ላይ ትሁን ባንክ ዘረፋ ላይ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ወረፋው ሁለት ጊዜ ነው የሚበላህ፣ አንዴ ጊዜህን፣ አንዴ የመመለስ መብትህን። ይሄ ራሱ ሪቪው ውስጥ መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

ቀይ_እስክሪብቶ

እኔ አነስ ያለ ገጽ ላይ ጌም እገመግማለሁ። ከውስጥ ሆኖ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው።

የኦንላይን ጌም ኮድ ከመውጣቱ በፊት ይሰጥሃል። ከዚያ "ሰርቨሩ በዚህ ቀን ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ይከፈታል" የሚል ኢሜይል ይመጣል። ትገባለህ። ሎቢው ውስጥ ያሉት ገምጋሚዎችና ቦታ የሚሞሉ የስቱዲዮው ሠራተኞች ናቸው። ፒንጉ ንጹሕ ነው፣ ማች በሰከንዶች ይገኛል፣ ማንም አይሳደብም። ዓለም ላይ ማንም ሌላ ሰው የማያገኘው ጌም ነው የምትጫወተው። ከዚያ ኢምባርጎው (ሪቪው ቀድሞ እንዳይወጣ የተጣለው እገዳ) የሚነሣው ጌሙ ከመውጣቱ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ያን ሰዓት ያላወጣህ እንደሆነ አንባቢህ ሌላ ጋ ሄዷል። እንዲህ ሆኖ ነው 9 የሚወለደው። ማንም ጉቦ አልሰጠም፤ መስጠትም አያስፈልግ።

ለዚህ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ምሳሌ በኖቬምበር 2014 የወጣው ሄሎ፦ ዘ ማስተር ቺፍ ኮሌክሽን ነው። አራት ጌም በአንድ ላይ፣ የድሮውን መልቲፕሌየር ሁሉ ይዞ። ቀድመው የተጫወቱት ገምጋሚዎች ወደዱት፤ የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ላይ ከ80 በላይ ገባ። ሕዝቡ ሲገባ ማችሜኪንጉ ሰው ማገናኘት አቃተው። ያ ደግሞ የሁለት ሌሊት ጉዳይ አልነበረም፤ ወራት ነው የፈጀው። ካሣ ተብሎ የአንድ ወር ጎልድ (የኤክስቦክስ ኦንላይን አባልነት) እና ኦዲኤስቲ የተባለው የሌላ ሄሎ ጌም ዘመቻ (የታሪኩ ክፍል) ተሰጠ፤ ትልቁ ጥገና የመጣው በ2018 ነው። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱም ሜታክሪቲክ ከአንድ ገምጋሚ የሚወስደው መጀመሪያ የሰጠውን ነጥብ ነው፤ በኋላ ብትቀይረው አይቀይርልህም።

ስለዚህ "ነጥቡን አውርዱ" ስትሉን፣ ብናወርደው እንኳ አብዛኛው ሰው የሚያየው ቁጥር ላይ አይደርስም። መፍትሔው ከመጀመሪያው አለመቸኮል ነው። የግምገማ ገጹ ዩሮጌመር በ2015 ነጥብ መስጠት ሲያቆም ለኦንላይን ጌሞችም ሪቪውን ከወጡ በኋላ እናደርጋለን ብሎ ነበር። በ2023 በኮከብ ተመለሱ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አለመቸኮሉ ግን ትክክል ነበር ባይ ነኝ።

ድሮ_ዘመን_ኮንሶል

ማንም ያላነሣው ነገር አለ፦ ነጥቡ ሲቀነስ የሚጎዳው ማን ነው? ሰርቨር የሚከራየው፣ የመልቀቂያ ቀን የሚቆርጠው፣ "ሁልጊዜ ኦንላይን ይሁን" የሚለው ብዙ ጊዜ አሳታሚው ነው። ሜታክሪቲክ ላይ የተንጠለጠለው ቦነስ ግን የስቱዲዮው ልጆች ነው። ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስን አስታውሱ። የሠራው ስቱዲዮ ኦብሲዲያን ሜታክሪቲክ ላይ 85 ቢያገኝ ቦነስ ነበረው፤ 84 ላይ ቀረ። ይሄን በ2012 በአደባባይ የተናገረው ከስቱዲዮው ሰዎች አንዱ፣ ክሪስ አቬሎን ነው። እዚያ ጉዳዩ ሰርቨር አልነበረም፤ ግን አንድ ነጥብ ምን እንደሚያደርግ ታያላችሁ። አርቲስቷ፣ ሙዚቀኛው፣ ሌቭል የሠራው ልጅ ዳታቤዝ ካሽ ሞላ ተብሎ ለምን ይቀጡ?

ዘጠኝ_ከአሥር

ይሄ ሐሳብ ልቤን ይነካዋል፣ ግን አልቀበለውም። ገምጋሚ የማንንም ደመወዝ እያሰበ መጻፍ ከጀመረ አለቀ። ቦነስን በሌሎች ሰዎች አስተያየት ላይ ያሰረው ውሉን የጻፈው ነው፤ ንዴትህን እዚያ ላክ።

የሰርቨር_ጓዳ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ላስታርቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዘጠኝ_ከአሥር ነው ልክ።

ፒንግ_ሦስት_መቶ

እሺ፣ ሁላችሁም ተባበራችሁብኝ። አንድ ጥያቄ መልሱልኝ። ኸልዳይቨርስ 2። ፌብሩዋሪ 8፣ 2024። ካሰቡት እጅግ የበዛ ሰው መጣ፤ ሰርቨሩ እንዳይወድቅ በአንዴ የሚገባውን ሰው በ450,000 ገደቡት፤ ሰው ለሰዓታት "ሰርቨሩ ሞልቷል" የሚል ጽሑፍ ሲያይ አመሸ። አንዳንዱ ቦታው እንዳይወሰድበት ጌሙን ከፍቶ ጥሎ ይሄድ ስለነበር ወረፋው ባሰበት፤ ዝም ብሎ የተቀመጠውን የሚያስወጣ ነገር እስኪጨምሩ ድረስ። አሁን ንገሩኝ፣ ያ ጌም ስንት ነው? 5? ሁላችሁም እዚህ ስታሞግሱት እንደከረማችሁ ረስታችኋል?

ኮኦፕ_ንግሥት

አልረሳሁም፣ አሁንም አሞግሰዋለሁ። በዚያን ሳምንት ግን ለማንም "ግዛ" አላልኩም። የስቱዲዮው አለቃ ራሱ ገንዘብ ያጠራችሁ ሰዎች ሰርቨሩ እስኪስተካከል ጠብቁ ብሎ ጽፎ ነበር እኮ! ሻጩ ያለውን ገምጋሚው ለመጻፍ ለምን ያፍራል?

ይሄን ካነሣህ ፋይናል ፋንታሲ 14ን ልጨምርልህ። ኤንድዎከር የተባለው ተጨማሪ ክፍሉ በዲሴምበር 2021 ሲወጣ ወረፋው የሰዓታት ነበር፤ ኢረር 2002 ያባርርሃል። በቺፕ እጥረት ምክንያት አዲስ ሰርቨር ማስገባት አልተቻለም። ምን አደረጉ? ከፋዮቹን መጀመሪያ 7 ቀን፣ ቀጥሎ 14 ቀን በነፃ ጨመሩላቸው፤ ከዚያ ጌሙን መሸጥ አቆሙ። እየተፈለገ ያለ ጌም መሸጥ አቆሙ! እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ድረስ። ሪቪዎቹ ከ90 በላይ ነበሩ፤ እኔም አልቃወምም። ወረፋው ያው ወረፋ ሆኖ አያያዙ ይለያያል። መግባት ለማይችል ሰው መሸጡን የቀጠለና መሸጫውን የዘጋ እኩል አይደሉም።

ፒንግ_ሦስት_መቶ

እሱ የኩባንያ ጠባይ ነው፣ የጌም ጥራት አይደለም። ጠባይን በነጥብ ልትለኪ ነው?

ኮኦፕ_ንግሥት

በነጥብ ሳይሆን በምክር። "አሁን ግዛ"፣ "ጠብቅ"፣ "ተወው"። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ ይቺ መስመር ትበቃኛለች።

ሳይጨርስ_የማይተኛ

ስቲም ላይ ያለው አንዱ የምወደው ነገር ይሄ ነው። ከ2016 ጀምሮ የቅርብ ጊዜውን፣ የ30 ቀኑን አስተያየት ከአጠቃላዩ ለይቶ ያሳይሃል። ፍላይት ሲሙሌተር በወጣ ሰሞን ቀይ በቀይ ነበር። ፒንግ የሚፈራው "ለዘላለም ተለጥፎ ይኖራል" የሚለው ነገር እዚያ መልስ አለው፦ የድሮው ንዴት ይቆያል፣ የዛሬው ሁኔታ ከጎኑ ይታያል።

ድሮ_ዘመን_ኮንሶል

ስለ መጀመሪያ ቀን ይሄን ያህል ካወራን የመጨረሻውንም ቀን እናንሣ። የመኪና ጌሙ ዘ ክሩው በ2014 ወጣ፤ ብቻህን መንዳት ብትፈልግም ሰርቨር ያስፈልገው ነበር። ማርች 31፣ 2024 አሳታሚው ዩቢሶፍት ሰርቨሩን ዘጋ፤ የገዛው ሰው ሁሉ መኪናውም መንገዱም ተወሰደበት። በወጣበት ጊዜ የተጻፉትን ሪቪዎች ተመልሼ አየሁ፤ ስለ አነዳዱ፣ ስለ ካርታው ስፋት ብዙ ተብሏል። ይሄ ጌም አንድ ቀን ጨርሶ ይጠፋል የሚል ማስጠንቀቂያ ባየኋቸው ውስጥ አላገኘሁም።

የመጀመሪያ ቀን ወረፋ የሚያናድደን ስለምናየው ነው። ገምጋሚው በዚያ ቀን "ያለ ሰርቨር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሠራም" ብሎ በግልጽ ቢጽፍ፣ ሰርቨሩ በሁለት ሰዓት ቢስተካከልም እንኳ፣ ለአሥር ዓመት የሚጠቅም መረጃ ነበር።

የሰርቨር_ጓዳ

እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ቀይ እስክሪብቶ፣ ይሄን መሞከር ከባድ አይደለም፤ ሪቪው ስትሠራ የኢንተርኔት ኬብሉን ንቀልና የሚሆነውን ጻፍ። ታሪኩ መሃል ንቀል፣ ሜኑ ላይ ንቀል፣ ሴቭ ሲያደርግ ንቀል። አንዳንዱ ወደ ርዕስ ገጽ ይወረውርሃል፣ አንዳንዱ ምንም አይመስለውም። ልዩነቱ ሰርቨሩ ጤነኛ በሆነበት ቀንም ይታያል።

ፒንግ_ሦስት_መቶ

ኬብል መንቀሉን እቀበላለሁ፤ እሱ ጌሙን መገምገም ነው። ወረፋውን ግን አሁንም ከነጥቡ አውጡት። ከዚህ ፈቀቅ አልልም።

ዘጠኝ_ከአሥር

አትበል፤ ሁላችንም ተስማምተን ካደርን ነገ ምን እናወራለን?

ቀይ_እስክሪብቶ

ኬብሉን ወስጃታለሁ፣ ጥሩ ናት። በእጄ ያለ ጌም አለ፤ ዘመቻም ኦንላይንም አለው፤ ኢምባርጎው ነገ ይነሣል። ነገ የማወጣው የዘመቻውን ክፍል ነው፣ ያለ ቁጥር። ከጽሑፉ አናት ላይ የተጫወትኩት በስቱዲዮው ሰርቨር ላይ እንደሆነና መቼ እንደሆነ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ሰኞ ይመጣል፣ ቅዳሜና እሑድን ከሕዝብ ጋር ተሰልፌ ካየሁት በኋላ።

ሳይጨርስ_የማይተኛ

ሰኞም ካልገባህስ?

ቀይ_እስክሪብቶ

ያው እሱን ነዋ የምጽፈው።